የበዓል ጠላ ከማሳ ይጀምራል



በአዲስ አበባ ቂርቆስ አካባቢ ታኅሣሥና ጥር የድግስ ወራት ናቸው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ የሰፈሩ ታቦት የቅዱስ ቂርቆስ ዓመታዊ በዓል ደግሞ ጥር 15 ይውላል። ስለዚህ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ጌሾና ብቅል ፍለጋ ገበያ ይወጣሉ።

ባለሙያዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች። የጌሾ ቅጠል ዱቄት በውኃ በጥብጣ ትጠነስሳለች፤ ቀናት ቆይታ ብቅልና ቂጣ፣ ቀጥሎም እንኩሮና የጌሾ እንጨት ትጨምራለች። ድፍድፉ ሲደርስ ውኃ ሞልታ ትከድናለች። ምሬቱ ከጌሾው፣ መዓዛው ከወይራው ጢስ ይመጣል።

ነገር ግን የባለሙያዋ እጅ የማያቃናው አንድ ጉድለት አለ፤ እርሱም የሻገተ እህል ነው። የሻጋታ መርዝ ስለተቆላ ወይም ስለፈላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የጠጪውን ጤና ይጎዳል። መከላከያው ያለው በገበሬው ጎተራ ነው።

በመሆኑም፦
- ገብሱ በሚገባ ሳይደርቅ ጎተራ አይግባ፤
- ለብቅል ያልነቀዘና ያልተሰባበረ ፍሬ ይመረጥ፤
- የበቀለው ብቅል ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤
- ጌሾ አፈር እንዳይነካው በሸራ ላይ ይድረቅ።

እርጥብ ጌሾ ሚዛን ያነሣ ይሆናል፤ ትርፉ ግን የአንድ ገበያ ብቻ ነው። ጠላዋ የተበላሸባት እናት በሚቀጥለው ገና ሌላ ሻጭ ትፈልጋለች። ጠላዋ ያማረላት ግን ያንኑ ገበሬ ጠይቃ ትመጣለች።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንላችሁ።