እነሱና እኛ፦ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ቬትናሞችና ስለ ሐበሾች ያየው

(በማኅበራችን የዘንድሮ መገናኛ በዓል፣ በእራት ምሽቱ ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ቁምነገር ተናገር፣ ግን እራቱ እንዳይቀዘቅዝ» ብሎኛል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በሃያ ደቂቃ ንግግር ሲጨርስ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

የምናገረው በየለቅሶ ቤቱ፣ በየክርስትናው፣ በየስብሰባችን ስለሚነሳ አንድ ጥያቄ ነው። ሁላችሁም ሰምታችሁታል። «ቬትናሞቹን እዩ! እንደኛው ባዶ እጃቸውን መጥተው ኤደን ሴንተርን የሚያህል ገበያ የራሳቸው አደረጉ። እኛስ? ጎን ለጎን ምግብ ቤት ከፍተን እንሻማለን። ሐበሻ አይተባበርም።» ይህን ነገር እኔም ስል ኖሬያለሁ። ከሌሎቹ የበለጠ የምልበት ምክንያትም ነበረኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ለመናገር ምን መብት አለህ የሚል ካለ፣ በዲቪ መጥቼ ጥቂት ዓመት ታክሲ ነዳሁ፣ ማታ ማታ አካውንቲንግ ተማርኩ። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሰቨን ኮርነርስ አካባቢ ትንሽ የግብር ሒሳብ ቢሮ አለኝ። ደንበኞቼ ባብዛኛው ሐበሾችና ቬትናሞች ናቸው። የማንንም ምስጢር አላወጣም። ግን ከጥር እስከ ሚያዝያ የሁለቱንም ወገን ወረቀት ጎን ለጎን ሳገላብጥ የማየው ነገር አለ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ኤደን ሴንተር የቬትናሞች አይደለም። መሬቱንና ሕንጻውን ማለቴ ነው። ከመቶ በላይ ሱቆች አሉበት፤ ባለሱቆቹ ከሞላ ጎደል ቬትናሞች ናቸው። የሰዓቱ ማማ ሳይጎን ያለውን የቤን ታን ገበያ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። ባለንብረቱ ግን የአሜሪካ የሪል እስቴት ኩባንያ ነው። እዚያ ፎ የሚሸጠው ሰውዬ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎ እንደሚሸጠው ወንድማችን በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። ይህን ለስንት ሰው ነግሬ ስንቱ እንዳላመነኝ!

ከዚያም በፊት ሌላ ቦታ ነበራቸው። ከ1975 በኋላ የመጡት ቬትናሞች የመጀመሪያ ሱቆቻቸውን የከፈቱት አርሊንግተን ውስጥ፣ ክላረንደን ነው። ያን ጊዜ ሜትሮ እየተቆፈረ ስለነበር አካባቢው አቧራ ነው፤ ኪራይ ርካሽ ነው። በ1979 መጨረሻ ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ኪራዩ መውጣት ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ተገፉ። በ1984 ኤደን ሴንተር የተከፈተው በዚህ መሐል ነው።

ይህ ታሪክ የኛን አይመስልም? አዳምስ ሞርጋን ነበርን፤ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና ሄድን። በ2005 አካባቢው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፤ ከኛ በፊት የነበረ የራሳቸው ትልቅ ታሪክ ስላላቸው አልተሳሳቱም። ከዚያ እዚያም ኪራይ ወጣ። አንዳንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዳንዱ አሌክሳንድሪያ፣ አንዳንዱ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ገባ። ሁለቱንም ወገን ኪራይ ገፍቷቸዋል። ልዩነቱ እነሱ ሲገፉ ብዙዎቹ አንድ ቦታ መግባታቸው ነው፤ እኛ ተበተንን። ለምን? መልሱን በጠባይ ውስጥ ከመፈለጋችን በፊት ቁጥሩን እንይ።

በ1975 የጸደይ ወቅት ሳይጎን ስትወድቅ ፕሬዚዳንት ፎርድ ሕግ አስወጥተው፣ በዚያው ዓመት ብቻ ከ120,000 በላይ ቬትናሞች አሜሪካ ገቡ። አብዛኛው ሰው የመጣው ከነቤተሰቡ ነው። ካምፕ ውስጥ ተመዘገቡ፤ ስፖንሰር ተፈለገላቸው፤ ለብዙዎቹ ቤት የተከራየላቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም የአሜሪካ ቤተሰብ ነው። በ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ደግሞ በዚያው ዓመት ከገቡት 207,000 ያህል ስደተኞች ውስጥ ከ160,000 በላይ የሚሆኑት ከእስያ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከቬትናም፣ ከላኦስና ከካምቦዲያ። ከመላው አፍሪካስ? 1,000 አይሞሉም። ከመላው አፍሪካ ነው የምላችሁ! ያን ጊዜ የኛ ወንድሞችና እህቶች ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሬፍና ካርቱም ተራ ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሱዳን በኩል ጥቂቶች በጥገኝነት መጡ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ዲቪ በሩን ከፈተልን። ዲቪ መልካም ነገር ነው፤ እዚህ የተቀመጥነው ስንቶቻችን የዲቪ ልጆች ነን። ግን ዲቪ ሰውን ያወጣ የነበረው አንድ በአንድ ነው። ስፖንሰር የለም፤ የመቋቋሚያ ገንዘብ የለም፤ አብሮ የሚመጣ መንደር የለም። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበልህ አንድ የአጎትህ ልጅ ነው፤ እሱም የሌሊት ሥራ ስላለበት እየተቻኮለ። ቬትናም ደግሞ ቀድሞ ብዙ ሰው ስላስገባች ዜጎቿ አብዛኛውን ጊዜ ዲቪ እንዲሞሉ አይፈቀድም ነበር። እንግዲህ እኛና እነሱ በተለያየ በር ነው የገባነው።

ቀጥሎ ሥራ። በ1975 ቲፒ ሄድረን የተባለች የፊልም ተዋናይ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳክራሜንቶ አጠገብ ባለ ካምፕ ቬትናም ሴቶችን ትጎበኝ ነበር። ሴቶቹ የጥፍሯን ቀለም ወደዱት። የራሷን የጥፍር ሠራተኛ አምጥታ ሃያ የሚሆኑ ሴቶችን አስተማረች። ዛሬ በመላው አሜሪካ ካሉት የጥፍር ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ የቬትናም ዝርያ ያላቸው ናቸው። ለፈቃዱ የሚጠየቀው ትምህርት አጭር ነው፤ እንግሊዝኛ ብዙ አይፈልግም፤ ሚስት፣ እህት፣ የእህት ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ለኔ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ኔል ሳሎን ይሸጣል። ደንበኛ አለው፣ ሊዝ አለው፣ ዕቃ አለው። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ሸጦት ቤት ይገዛል።

የኛ ሥራ ታክሲና ፓርኪንግ ነበር። ታክሲ ባለውለታችን ነው፤ የስንቱን ልጅ አስተምሯል። ዋሽንግተን ውስጥ እንደ ኒውዮርክ ያለ ውድ ሜዳልዮን ስላልነበረ በቀላሉ ገባንበት። ግን በቀላሉ የተገባበት ነገር ሲወጡ አይሸጥም። ነጂው ሲተኛ ታክሲውም አብሮ ይተኛል። በ2008 በዞን ማስከፈል ቀርቶ ሜትር መጣ፤ በ2011 መጨረሻ ዑበር መጣ። ሃያ ዓመት የነዱ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው «ምን ተረፈኝ?» ሲሉኝ የማሳያቸው አንድ ያረጀ መኪና ነው። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እነሱም ሰነፎች አልነበሩም፤ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ነድተዋል።

የቬትናሞቹ ኑሮ ወለላ ነው እያልኩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ኬሚካል መተንፈስ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ልጄ ይህን ሥራ እንዳይሠራው ነው የምሠራው» የሚል ቃል ከሁለቱም ወገን እኩል እሰማለሁ።

ሦስተኛው ቤተሰብ ነው። የባችለር ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ድርሻ በሁለቱ ማኅበረሰቦች ተቀራራቢ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ። ታዲያ የቤተሰብ ገቢና የቤት ባለቤትነት ሲታይ ቬትናሞቹ ለምን ይበልጣሉ? አንዱ ምክንያት የእነሱ ቤተሰብ ሰፊ መሆኑ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስትና አራት ሰው ደመወዝ ያስገባል፤ አያት ልጅ ትጠብቃለች። የኛ አያቶች ግን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደሴ ናቸው። የኔ የመጀመሪያ ልጅ ስትወለድ የባለቤቴ ደመወዝ በሙሉ ለልጅ ጥበቃ ሄደ፤ በዚያው ወር ለእናቴ ዌስተርን ዩኒየን ልኬያለሁ። እነሱም ወደ አገራቸው ብዙ ገንዘብ ይልካሉ፤ ግን አባትና እናቱ እዚሁ ያሉት ይበዛሉ።

«እነሱ ይተማመናሉ፣ እኛ አንተማመንም» የሚባለውስ? ቬትናሞቹ ሁዊ የሚሉት ነገር አላቸው። ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ደንበኛዬ አስረዳችኝ፤ ሳቄ መጣ። እቁብ ነው! ሰብሳቢው ሳይቀር። «ሰብሳቢው ይዞ ጠፍቶ ያውቃል?» አልኳት። «ሁለት ጊዜ» አለችኝ። እንግዲህ ሌባውም እቁቡም በሁለቱም ቤት አለ።

እኛም ያቆምነውን አንርሳ። የኳስ ፌዴሬሽናችን ከ1984 ጀምሮ ሰውን ከየከተማው ይሰበስባል። በ1983 አርሊንግተን ውስጥ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል የሌላ አገር ስደተኞችን ጭምር ከሚያቋቁሙ ጥቂት አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ስፖንሰር ያላገኙ ሰዎች ለሌላው ስፖንሰር ሆኑ። ይህ «የማይተባበር» ሕዝብ ሥራ ነው?

አሁን ያን የቀጠርኳችሁን ነገር ልናገር። በ2003 ዘጠኝ የእቁብ ጓደኛሞች ነበርን፤ ስድስታችን የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ዘጠነኛው ጎዳና አጠገብ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ለመግዛት እያንዳንዳችን 15,000 ዶላር አዋጣን። ሊፈረም ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው ገንዘቡን አወጣ፤ ባንኩ የጠየቀው ቅድመ ክፍያ ጎደለ፤ ግዢው ፈረሰ። ያ ሕንጻ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አልነግራችሁም፤ እራቱ ይበላሻል።

ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። የእናቴ ኩላሊት ደክሞ ነበር። ገንዘቡን ላክሁ፤ አሥራ አራት ወር ተጨማሪ ኖረች። በዚህ አልጸጸትም። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ታሪኩን ሳወራ «አንዱ አውጥቶ አፈረሰው፤ ሐበሻ አይተባበርም» እያልኩ ነው የኖርኩት። «አንዱ» ማን እንደሆነ ሳልናገር። ከስምንቱ አራቱ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። አንድም ቀን አላጋለጡኝም። ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ደግሞም ጥፋቱ ገንዘቡን ማውጣቴ አልነበረም። ዘጠኛችንም አገር ቤት እናት እንዳለን እናውቅ ነበር። እናት እንደምትታመምም እናውቅ ነበር። አንድ ሰው ሲቸግረው እንዴት እንደሚወጣ፣ ድርሻውን ማን እንደሚገዛው፣ በስንት ወር እንደሚከፈለው አንድ መስመር አልጻፍንም። «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ተባባልን። መተማመን አልጎደለንም፤ እንዲያውም በመተማመን ብቻ ነበር የገባነው። የጎደለን ወረቀት ነው።

ማኅበራችን ዘንድሮ የጋራ ቤት እንግዛ ወይስ አንግዛ እያለ ነው። እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘብ ከመሰብሰባችን በፊት የመውጫውን ደንብ እንጻፍ። በመካከላችን ስንት የሕግ ሰው አለ፤ በነጻ ይሥሩልን። ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ላይ አሥር በመቶውን ለአገር ቤት ችግር መጠባበቂያ እናስቀምጥ፤ አባሉ ድርሻውን ሳያወጣ ይበደር። ሦስተኛ፣ መግዛት ባንችል ከኤደን ሴንተር እንማር፦ አሥርና አሥራ አምስት ሆነን ወደ አንድ ባለንብረት ሄደን አንድ ላይ ረጅም ሊዝ እንፈርም። እነሱን የጠቀማቸው ባለቤትነት አልነበረም፤ አንድ ቦታ መሆን ነው።

እነሱ በዚያ በር መግባታቸውን እኛ አንለውጠውም። የመጣንበትን ዓመትም አንለውጠውም። ይቺን ወረቀት ግን መጻፍ እንችላለን።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ አለ። የመጀመሪያውን መስመር ከእራቱ በፊት ፈርሜበታለሁ። ከስሜ ጎን ቅንፍ ውስጥ «በ2003 ያወጣው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ እንዳታመነቱ ብዬ ነው።

 ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለከርሞ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።