አልነሳ ያለ ሞተር ሳይክል፤ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው ወይስ የሌላ?

(በማኅበራችን አዳራሽ ለሰፈሩ ነዋሪዎች ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በየግቢያችን ስንት ሞተር ሳይክል ላስቲክ ለብሶ፣ ዶሮ እየሰፈረበት እንደቆመ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ይባላል፤ የሞተሪኖውን ዋጋ ሲሰማ «ይቅርብኝ» ይላል፤ ውሎ አድሮ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ይወስድለታል። እኔ እንዲህ የተባሉ ብዙ ሞተሮች ከፍቼ አይቻለሁ። ሞተሪኖአቸው በእውነት የተቃጠለው ጥቂቶቹ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ጎረቤታችን አስጠሩኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ስድስት ዓመት የቆመ ሞተር ሳይክል አላቸው። በእግር የሚረገጠው ማስነሻ ተሰብሮ ጠፍቷል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በሌላ አይነሳም። ልጃቸው ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ እየተመላለሰ ሊሠራበት አስቦ አዲስ ባትሪ ገዝቶለታል፤ አልሆነም። ጋራዥ ቢያሳዩት «ሞተሪኖውም ሬሌውም አብረው ይቀየሩ» ተባሉ። ለዚህ ሲሉ የምትታለብ ላማቸውን ሊሸጡ ገዢ ሁሉ አግኝተው ነበር። «ጋሼ፣ ላሟ ሳትሄድ አንድ ጊዜ እይልኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ሞተሩ አልነሳ አለ» ስንል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው፣ ማስነሻውን ስትጫኑት ሞተሩ ጨርሶ የማይዞረው ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሩ እየዞረ እሳት የማይዘው ነው። የሁለተኛው ምክንያት ቤንዚን ወይም ካንዴላ ወይም አየር ነው፤ ሞተሪኖው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ እሱን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሪኖ የሚጠረጠረው በመጀመሪያው በሽታ ብቻ ነው፤ ያውም ከስንት ነገር በኋላ።

ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ሲሆን ማስነሻውን ከመንካት በፊት ሞተሩ ራሱ መላወሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ማርሹን ወደ ትልቁ ቁጥር አስገብታችሁ የኋላውን ጎማ በእጅ አዙሩት። ቀስ ብሎ ከዞረ ደኅና ነው። እምቢ ካለ በጉልበት አትታገሉት፣ በሞተሪኖም አታስገድዱት፤ ዘይቱ ይሥራበትና በማግስቱ ሞክሩ። የጎረቤታችን ሞተር በሁለተኛው ቀን ዞረ።

ቀጥሎ ባትሪ ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ባትሪም እንደ ሰው ብርድ ያደክመዋል። በውርጭ ጧት በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ደኅና የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ማስነሻውን ስትጫኑ ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ደክሟል ወይ ቻርጅ ይፈልጋል። (በጣም አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ በባትሪው ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ አንብቡ።)

መለኪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የፊት መብራቱን ያብራና ማስነሻውን እየተጫነ መብራቱን ይመልከት። ይህ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። መብራቱ ፈዝዞ ጧ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ከተሰማ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ራስ ዝጓል። መብራቱ ሳይነካ ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ሬሌው ድረስም አልደረሰም ማለት ነው፤ ቫልቮላውን፣ የማስነሻውን ቁልፍ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ እዩ። ቀይዋ የሞተር ማጥፊያ ተዘግታ ሰው ሦስት ቀን ሲደክም አይቻለሁ፤ ይኸ ሰው እኔም ሆኜ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ጧ ብሎ መብራቱ ጭልም ካለ ሞተሩ ወይም ሞተሪኖው ተይዟል። ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ግን ሁለቱን የሚያያይዘው የውስጥ ጥርስ አልቋል፤ ይኸ ሞተር ያስከፍታል፣ ወጪም አለው፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

የጎረቤታችን ሞተር ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጧ ይላል፣ መብራቱ ደግሞ ፍንትው እንዳለ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፤ ሬሌው፣ የሞተሪኖው ካርቦን፣ ማሳው። ልጁን ማርሹ ባዶ መሆኑን እንዲያይ፣ ሰልባትዮውንም አውርዶ ራቅ እንዲያደርግ አዘዝሁት፤ የእሳት ብልጭታ ስለሚኖር ነው። ከዚያ በሬሌው ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች መካከል ወፍራም ሽቦ አገናኘሁ። ሞተሪኖው ዝም አለ። ስለዚህ ሬሌው ነጻ ወጣ። ቀጥዬ ከባትሪው ኔጋቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ገላ ሌላ ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁና ልጁን «ተጫን» አልሁት። ሞተሪኖው እንደ አዲስ ዞረ።

ማሳ የሚባለው ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ቡሎኑን ስንፈታው ከሥሩ ወፍራም ቀለምና አረንጓዴ ዝገት ተገኘ፤ አንድ ጊዜ ቀለም ሲቀባ አብሮ ተቀብቷል። መብራቱ በሌላ ቀጭን ሽቦ ስለሚመለስ አልተነካም፤ ሞተሪኖው ግን ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ተራበ። በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አጠበቅነው፤ ላዩን ግራሶ ቀባነው። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፤ የተገዛም ዕቃ የለም።

ከእናንተ መካከል የቆዩ ሾፌሮች ማኖቬላን ታስታውሳላችሁ፤ መልሶ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። ያንን ያስቀረው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ወጣ። ብልሃቱ ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ብዙ ኃይል እንድትወስድ ማድረግ ነው። ስለዚህ እናንተም ከአምስት ሴኮንድ በላይ አትጫኑ፤ ግማሽ ደቂቃ አሳርፏት። ሞተሪኖ በአብዛኛው የሚቃጠለው «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ» እየተባለ ነው።

ሌላው የማስጠነቅቃችሁ ከጭነት መኪና ኃይል መበደርን ነው። ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ባለ 12ቱን ሞተር ሳይክል አምፖሉንም ሽቦውንም ያነዱታል። ከትንሽ መኪና ስትበደሩ የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ይሁን። በባትሪ አጠገብ ክብሪት ወይም ሻማ አታብሩ፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ባትሪ ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ነው።

የአንኮበር ልጆች «እኛ ሞተሪኖ አያስፈልገንም፣ ቁልቁለት አለን» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኛ በሜዳው ስንገፋ ላብ በላብ እንሆናለን። ግን ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ የጠፋ ሞተር ይዞ መንደርደር፣ ፍሬኑም ስንት ዓመት የቆመ ከሆነ፣ ለነፍስ መጫወት ነው።

ሞተሪኖው ራሱ ከተጠረጠረም በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ጀርባውን ምቱት። ያን ጊዜ ከዞረ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ አልቋል ወይም ተጣብቋል፤ ካርቦን ደግሞ ለብቻው ይቀየራል። ጋራዥ ስትሄዱም «ተቃጥሏል» ሲባል «በቀጥታ ከባትሪ አገናኝተህ አሳየኝ» በሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ማየት መብታችሁ ነው።

የጎረቤታችን ሞተር ከዞረም በኋላ ወዲያው አልተነሳም። ስድስት ዓመት የተቀመጠ ቤንዚን ሸቶ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ደፍኖት ነበር፤ ያንን ስናጸዳ በሦስተኛው ምሽት እየሳለ ተነሣ። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ቢጠቁርባችሁ አትደንግጡ፤ የደጋችን አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካርቡራተሩን ማስተካከል ነው።

ላሟ አልተሸጠችም። ሞተሩ ግን ገና ሁለት ጎማና የፍሬን ጫማ ይቀረዋል፤ ሊብሬውም በሟቹ ስም ስለሆነ ልጁ የስም ዝውውሩን ሳይጨርስ አስፋልት እንዳያወጣው ነግሬዋለሁ። እስከዚያ በግቢው ውስጥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ያስነሣዋል፤ ድምፁን የሰማችሁ ካላችሁ እሱ ነው።