ከእርቁ ማዕድ በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሽምግልናና እርቅ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ «ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ውኃው እየተነጋገርን እርቅ ምን ሊያደርግ መጣ?» የሚል እንደሚኖር ገምቻለሁ። መልሴ አጭር ነው። ደም የተቃባ ቤተሰብ ልጆቹን በደመኛው መንደር አሳልፎ ትምህርት ቤት አይልክም። ገበያ መውጣት ይፈራል፤ እርሻው ጦሙን ያድራል። እኛ የምንሠራው ክፍል ያለ ተማሪ፣ የምንቆፍረው ውኃ ያለ ቀጂ እንዳይቀር እርቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ እኛን ውጭ አገር ያለነውንም በቀጥታ ይነካናል፤ እንዴት እንደሚነካን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ከአገር ከመውጣቴ በፊት ለተወሰኑ ዓመታት በዐቃቤ ሕግነት ሠርቻለሁ። በዚያ ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፦ ገዳይ ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል፣ ታስሮ ይፈታል። ነገሩ በመዝገብ ይዘጋል፤ በመንደር ግን አይዘጋም። የሟች ወገን «መንግሥት የራሱን ቀጣ፤ የእኛ ደም ግን አልደረቀም» ይላል። ፍርድ ቤት የትኛው ሕግ እንደተጣሰ፣ ማን እንደጣሰውና ምን ቅጣት እንደሚገባው ይጠይቃል። ሽማግሌ ደግሞ ማን እንደተጎዳ፣ የተጎዳው ምን እንደሚያስፈልገውና ያን የማሟላት ግዴታ የማን እንደሆነ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ሃዋርድ ዜር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ልዩነት አብራርቶ ጽፏል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «የተሐድሶ ፍትሕ» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት በእነዚህ በኋለኞቹ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

በምዕራቡ ዓለም የዚህ አሠራር መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ነው። ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት 22 ንብረት አበላሹ። ጉዳዩን የያዘው የሜኖናይት ክርስቲያን የሆነ ሠራተኛ፣ ልጆቹ የየቤቱን በር እያንኳኩ ከተጎዱት ጋር ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም ተቀበሉት። ልጆቹ ሄዱ፣ ያደረሱትን ጉዳት ሰሙ፣ ካሳም ከፈሉ። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣችው የሕፃናትና ወጣቶች ሕግ ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለ ጥፋቱ የሚመክርበትን ሥርዓት አስገብቷል። ሥርዓቱ ከማኦሪ ሕዝብ ባህል የተቀዳ ነው። ይህን የማነሣው «የሠለጠነው ዓለም መሰከረልን» ለማለት አይደለም። እኛ እንደ ኋላ ቀር ነገር የተውነውን ሌሎች በብዙ ድካም እየፈለጉት መሆኑን እንድናስተውል ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። በወሎ አባጋር የሚባሉ አባቶችን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። መስጊድ የሚሰግደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ለእነርሱ ቃል ይታዘዛል። ደም ሲያደርቁ የሚከተሉት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የገዳይ ወገን ከዓይን ዞር ይላል፤ ለሐዘኑ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የሟችን ቤት ደጅ ይጠናሉ፤ ይመላለሳሉ፣ ይቆጧቸዋል፣ ይታገሣሉ። ቀጥሎ ጥፋቱ በአደባባይ ይነገራል። ያጠፋው «እኔ ነኝ» ይላል፤ በብዙ ቦታም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ መሐላ ይፈጸማል። ማዕድ የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ካሳውን ገዳይ ብቻውን አይከፍልም፤ ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። ይህ ትልቅ ጥበብ አለው። በሬውን ሸጦ ያዋጣ አጎት፣ ነገ ሌላው የወንድሙ ልጅ ጠብ ሲጭር ዝም ብሎ አያይም። ሰላሙን የሚጠብቁት ዋጋ የከፈሉበት ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ኦሮሞው ጉማ አለው፤ ሲዳማው እውነቱ እስኪወጣ የሚደማመጥበት አፊኒ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። በቡራዩ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣሩ ኃይል ያገኘው ልጆቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ትርጉሙን እየሰሙ ስላደጉ ነው።

ሃይማኖታችንም ከዚህ አይለይም። ወንጌል መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ ቅር የተሰኘብህ እንደሆነ መባውን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ከቀማው አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል። ቁርአንም በሱረቱል በቀራህ ስለ ግድያ ሲናገር፣ ለይቅርታ በር ከፍቶ፣ ይቅር የተባለው ካሳውን በመልካም ሁኔታ እንዲከፍል ያዝዛል። የነፍስ አባቶቻችን የሰው ገንዘብ የወሰደውን «መልስ» ይሉታል፤ ሸሆቻችንም የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ካልተመለሰ ተውበት ሙሉ እንደማይሆን ያስተምራሉ። የሁለቱም ቃል አንድ ነው፦ ከሰው ጋር ያለብህን ዕዳ ለፈጣሪ ብቻ ነግረህ አትዘጋውም።

እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው። እርቅ የሚፈርሰው ቅደም ተከተሉን ዘለን ማዕዱ ላይ ስንቀመጥ ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር በለው፣ በቃ» ብለን የተጎዳውን እናጣድፈዋለን። እውነቱ አልተነገረም፣ ካሳው አልተቆረጠም፤ ሥጋው ግን ተበልቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ቁርሾው ለልጅ ይተላለፋል።

ከዚህ የከፋም አለ። ልጅ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ፣ ሁለት ቤተሰብ በሽማግሌ ተስማምቶ ለደፋሪዋ የተዳረችበትን ዘመን እናውቃለን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል፤ መልካም አድርጓል። የተጎዳችው ሳትጠየቅ የአባቶች ቂም ስለበረደ ብቻ እርቅ ሆነ አይባልም። ሽምግልናን የምንወድ ሰዎች ይህን ደፍረን ካልተናገርን፣ ባህሉን የሚያጠፉት ጠላቶቹ ሳይሆኑ እኛ እንሆናለን። ደግሞም ሽማግሌ የፍርድ ቤትን ቦታ አይወስድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊና ሃይማኖታዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ነፍስ ያጠፋ በሕግ ይጠየቃል፤ ሽማግሌ ደግሞ ፍርድ ቤት የማይደርስበትን ደም ያደርቃል።

አሁን ወደ እኛ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል፣ «የአጎትህ ልጅ ተገደለ» ሲባል፣ ወዲያው የሚጠበቀው ገንዘብና ቃል ነው። እኛ የምንልከው ገንዘብ ጥይት ሊገዛ ይችላል፤ ካሳም ሊሆን ይችላል። በደም እርቅ የሟች ዘመድ ሁሉ መስማማት አለበት። አንድ ወንድም «እኔ አልታረቅም» ካለ ሽማግሌው ባዶ እጁን ይመለሳል። ያ ወንድም ብዙ ጊዜ ከዚህ ያለው ነው። እኛ ገበያ ስንወጣ የሚያደባብን የለም፤ የቁጣችንን ዋጋ የሚከፍሉት እዚያ ያሉት ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የሟች ወገን የሆንን፣ ሐዘናችን ሲረግብ ሽማግሌዎቹን ራሳችን ደውለን እናነጋግር፤ እውነቱ ይነገረን፣ ካሳው ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ግን «እኔም ከዚህ ሆኜ ትቻለሁ» የሚለውን ቃል አንንፈግ። ሁለተኛ፣ የገዳይ ወገን የሆንን፣ ካሳውን ብቻችንን ከፍለን ነገሩን ለማፈን አንሞክር። ሽማግሌ የቆረጠውን ከዘመድ ጋር እናዋጣ። እኛ በዶላር መጠኑን ከፍ ካደረግነው ነገ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ድሃ በምን ይታረቃል? ሦስተኛ፣ በማኅበራችን ውስጥ ያለውንም ቅሬታ በዚሁ ሥርዓት እንየው። መጀመሪያ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበብ፣ የጎደለ ካለ ይተካ፣ ቅር የተሰኘው ይደመጥ። በየማኅበራዊ ሚዲያው መሰዳደብ ይቁም። ምሳውን ከዚያ በኋላ አብረን እንበላለን።

አባቶቻችን «እርቅ ደም ያድርቅ» ይላሉ። እውነት የተነገረበት፣ ሐቅ የተመለሰበት እርቅ ያድርግልን። አሜን በሉ።