«ልቤን» ሲሉን ጨጓራቸውን ነበር

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት፣ ክፋር ግቢሮል፣ ረሖቮት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ጨጓራ ልንነግራችሁ ነው የቆምነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ ባግሩት ጨርሰን ገና በመማር ላይ ያለን ልጆቻችሁ ነን። ነገር ግን ከትንሽነታችን ጀምሮ የያዝነው አንድ ሥራ አለ፤ ከእናንተ ጋር ኩፓት ሖሊም እየሄድን ማስተርጎም። የምንናገረው በዚያ ሥራ ስለተማርነው፣ ስለተሳሳትነውም ነው።

አያታችን ለብዙ ወራት «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይበላኛል» ይሉ ነበር። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸውና ቃሉን እንዳለ ገለበጥነው፤ «ሌቭ» አልን። ሐኪሙ የልብ ምርመራ አዘዘ። ኤኬጂ ተነሡ፣ ልባቸው ደህና ነው ተባለ፣ ደስ ብሎን ተመለስን። እሳቸው ግን ሌሊት ሌሊት ከደረታቸው ሥር እጃቸውን ጭነው ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር። የልብ ምርመራው ስህተት አልነበረም፤ የልብ ሕመምም እዚያው አካባቢ ሊሰማ ይችላል። ስህተቱ የኛ ነው። በትልልቆቻችን አማርኛ «ልቤን» ማለት ብዙ ጊዜ ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ቦታ እንደሆነ እኛ እዚህ ያደግነው አላወቅንም። እጃቸው የት እንዳረፈ አይተን ለሐኪሙ ብናሳየው ይበቃ ነበር።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሰንብቷል። በልጅ ልጅ ፊት ይህን መናገር ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ፤ «ሆድ ይፍጀው» አሉ። በመጨረሻ ለጎረቤታቸው ነገሯት፣ እሷም እየሮጠች ነገረችን። ሆስፒታል ሲደርሱ ደማቸው በጣም አንሶ ተገኘ። በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ሲታዩ ጨጓራቸው ቆስሎ ይደማ ነበር። ዛሬ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። እኛ ግን ትንሽ ብንዘገይ ምን ይሆን እንደነበር እናውቃለን።

ለመሆኑ ጨጓራ እንዴት ይታመማል? ጨጓራ ምግብ ለመፍጨት ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ራሱን ጨጓራውን እንዳያቃጥለው ውስጡ በሚያሙለጨልጭ ሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ ሲጎዳ አሲዱ ሥጋውን ያገኘዋል። ውስጡ ሲቆጣ የጨጓራ መቆጣት እንለዋለን፤ ሲቦረቦር ቁስል ይሆናል። አሲዱ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ቃር ነው። ቁስሉ ቀስ እያለ ከደማ ሰውየው ይደክማል፣ ይገረጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። «እርጅና ነው» ብለን የምናልፈው አንዳንዱ ድካም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሽፋኑን የሚጎዳው ማነው? ድሮ ሐኪሞችም እንደኛ ጭንቀትና የሚያቃጥል ምግብ ነው ይሉ ነበር። በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። ብዙ ሰው አላመናቸውም። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል ነው። ንጹሕ ውኃ በሚቸግርበትና ብዙ ሰው በአንድ ቤት በሚኖርበት አገር ይበዛል። ኢትዮጵያም አንዷ ናት፤ ስለዚህ ከዚያ በመጡ ወላጆቻችን ዘንድ ብዙ ይገኛል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ነውርም የለበትም። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማውም። በአንዳንዱ ግን ቁስል ያመጣል፤ በጥቂቶች ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ጨጓራ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጠላት በቦርሳችን ውስጥ ነው። ለጉልበትና ለራስ ምታት የምንውጠው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል። ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም አይቋረጥም። በርበሬና ቡና የቆሰለውን ያባብሱት ይሆናል እንጂ ዋናዎቹ ጥፋተኞች እነሱ አይደሉም።

ተልባና አብሽስ? ሲጠጡት የሚቀላቸው አሉ፣ እኛም በቤታችን አይተናል። ባክቴሪያውን ግን አያጠፉትም። ምርመራው ቀላል ነው፤ በባዶ ሆድ የሚሰጠውን ጠጥቶ ቱቦ ውስጥ መተንፈስ ነው። የሰገራ ምርመራም አለ። ከዚያ በፊት አንቲባዮቲክ ለአራት ሳምንት፣ አሲድ የሚቀንሰው እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት መቆም ስላለበት ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ክኒኑ ብዙ ነው፣ አፍ ይመራል። በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ የሚተው አለ። ያኔ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል። እባካችሁ ጨርሱት፤ ከጨረሳችሁ ከወር በኋላም መጥፋቱን አስመርምሩ።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ከመጣ፣ ወይም ድንገት ሆድን ሰንጥቆ የሚይዝ ሕመም ከተነሣ ጧትን አትጠብቁ፤ 101 ደውሉ። የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መተናነቅም ቀጠሮ ሳይዘገይ መታየት አለባቸው። ጨጓራችሁ የታመመ ደግሞ ዮም ኪፑርና ስግድ ከመድረሳቸው በፊት ስለ ጾሙ ከሐኪማችሁና ከቄሳችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ለእኛ ለወጣቶቹ። ስናስተረጉም ቃል ብቻ አንገልብጥ። የት ነው? መቼ ነው፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? ሌሊት ይቀሰቅሳል? እንጠይቅ። «ብዙ አወራች» ብለን የእናታችንን አሥር ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ አናሳጥር። «ከኔ ፊት ለመናገር የሚከብድሽ ነገር አለ?» ብለን ጠይቀን እንውጣ።

ለእናንተ ለወላጆቻችን ደግሞ። ልጅ ማስተርጎም ግዴታው አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕሙማን በቋንቋና በባህል የሚመች እንዲያደርጉ ታዘዋል። ስለዚህ «አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ዕብራይስጡ ቢያቅታችሁ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር እኛ እንጽፍላችኋለን።

«ሆድ ይፍጀው» ለምስጢር ጥሩ ነው። ለጨጓራ ግን አይሆንም፤ እውነትም ሆድን ይፈጀዋል። ንገሩን። እኛ ካፈርንባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።