ሳይነኩ መያዝ

ውድ የሕክምና ላቦራቶሪ ተመራቂዎችና ወላጆች፣

በኪሴ አንዲት ቱቦ ይዤ መጥቻለሁ። ከኋላ ለተቀመጣችሁ አትታይም። ውስጧ የጠላ ቀለም ያለው ድፍርስ ፈሳሽ አለ፤ ድፍርስ ያደረገው ብረት አዘል ደቃቅ ዶቃ ነው፣ ተመራቂዎቹ ቢድስ የምትሉት። በሌላው እጄ ማግኔት አለ። አሁን አስጠጋዋለሁ። ድፍርሱ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ተሰበሰበ፣ ቡናማ መስመር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ ፈሳሹ ጠራ።

ለወላጆች ልንገራችሁ። ልጆቻችሁ ከታማሚ ናሙና የቫይረስን ዘረመል ለይተው የሚያወጡት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ተስማሚ ጨው ሲኖር ዘረመሉ ዶቃው ላይ ይጣበቃል፤ ማግኔቱ ዶቃውን ይይዝላቸዋል፤ ቆሻሻውን በአልኮል ያጥባሉ፤ መጨረሻ ላይ ዘረመሉን በጥቂት ንጹሕ ውኃ ያላቅቁታል። በኮሮና ጊዜ በየአገሩ እጅግ ብዙ ናሙና ያለፈው በዚህ በኩል ነው።

በዚያ ወቅት አንድ ሌሊት ደክሞኝ ነበር፤ ቸኮልኩ። ማግኔቱ ሰብስቦ ሳይጨርስ ፒፔቴን ከተትኩ። ቡናማ ክር ወደ ፒፔቱ ጫፍ ሲሳብ በዓይኔ አየሁት። የሰው ናሙና ነበር፤ ጠፋ። ሰውየው ዳግም ተጠርቶ አፍንጫው ተጠረገ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያን ሌሊት ያደረብኝ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም፦ ማግኔት ዶቃውን መያዝ ከቻለ፣ ጠብታዋን ራሷን ከቦታ ቦታ ሊወስድልን አይችልም?

ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1963 ስቲቭ ፓፔል የተባለ የናሳ መሐንዲስ ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ አሰበና ደቃቅ የማግኔታይት ብናኝ የተበተነበት ፈሳሽ ሠራ። ዛሬ ፌሮፍሉይድ እንለዋለን። ብናኙ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ እርስ በርሱ እንዳይቋጠር በኦሌይክ አሲድ ይለበጣል፤ ከማነሱ የተነሣ አይዘቅጥም። የሮኬቱ ሐሳብ ቀረ፣ ፈሳሹ ግን ኖረ።

ጠዋት ጎደሬ ቅጠል ላይ ጤዛ አይታችኋል። ፈሳሽ እንደዚያ ሲያንስ ክብደቱ አቅም ያጣል፣ የገጹ ውጥረት ይገዛዋል፤ ክብ ሆኖ ይንከባለላል። አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጠብታ ግማሽ ማይክሮሊትር ያህል ናት። እንደ ፌሮፍሉይድ ብረት ካዘለች ማግኔት ይጠራታል፤ የምትሄደው ግን መስኩ ወደሚበረታበት አቅጣጫ ነው። በሁሉም በኩል እኩል የሆነ መስክ ያስረዝማት ይሆናል እንጂ አይወስዳትም። ይህቺን ነጥብ አደራ እንዳትረሷት፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማኑ ፕራካሽና ተማሪዎቹ ይህንኑ ወደ ሌላ ደረጃ አደረሱት። በብርጭቆ ስላይድ ላይ ጥቃቅን የብረት ዘንጎችን ደረደሩ፣ ዘይት አፈሰሱ፣ ማግኔት አዘል የውኃ ጠብታዎችን ጨመሩ። ከውጭ የሚመጣው የማግኔት መስክ በዞረ ቁጥር ዘንጎቹ አጠገብ መስኩ የሚበረታበት ቦታ ይለዋወጣል፣ ጠብታዎቹም ሁሉ እኩል አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ ስትኖር አንድ፣ ሳትኖር ዜሮ ተብላ ጠብታዋ ሒሳብ ትሠራለች። ለጠብታዎቹ ጉዞ ፓምፕ የለም፣ ስላይዱ ላይ የተቀጠለ ሽቦ የለም፣ የሚነካቸው እጅ የለም።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ሒሳቡ አይደለም። ናሙናው፣ መቀላቀያው፣ ማጠቢያው ሁሉ በአንድ ስላይድ ላይ በጠብታ መልክ ቢሄድ፣ ፓምፕ የሚጠግን ሰው በሌለበት ጤና ጣቢያ ምን ይሆን ነበር? ቀላል አይደለም። ብረት ሲበዛ ፒሲአር የተባለውን የዘረመል ምርመራ ያበላሻል፤ ጠብታ በመንገዷ ላይ ዕድፍ ትተዋለች፤ ዘይቱም ጣጣ አለው። እነዚህን ችግሮች መሐንዲስ ብቻውን የሚፈታቸው አይመስለኝም። ቡናማው ክር ሲያመልጥ ያየ፣ ናሙናው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ባለሙያ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። እናንተ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ጋ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ የምታውቁት እነሱ የሚያስፈልጋቸው ነው።

ቱቦዋን ከፕሮግራሙ በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖራታለሁ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ማግኔቱን እናታችሁ ይያዙት፤ እናንተ አስረዷቸው።