ከራውንድ በኋላ፦ ሐኪምና አበባ ምን አገናኛቸው?

(በምሩቃን መገናኛ በዓላችን ላይ፣ የሐኪሞች የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ሲከፈት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ "አሥር ደቂቃ ተናገሪ" ሲሉኝ፣ እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ስለ ደም ግፊት ከሆነ ሁለት ሰዓት እናገራለሁ፣ ስለ አበባ ግን አሥር ደቂቃ ይበዛብኛል ብዬ ነበር። ተዉኝ ብል የሚተወኝ አልተገኘም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች እያያችሁ ስሙኝ።

አንድ ጥያቄ ቀድሜ ላንሳ፤ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁት ስለሚመስለኝ። "ኮሪደሩ ላይ ሕመምተኛ ተኝቶ እያለ ሐኪም አበባ ፎቶ ሲያነሳ ይውላል እንዴ?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ፌዝ አድርጌ አላልፈውም፣ ልመልሰው እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሐኪምና አበባ ዛሬ የተዋወቁ አይደሉም። ለዕፅዋት ሁሉ ባለ ሁለት ቃል ሳይንሳዊ ስም የመስጠትን ሥርዓት ያጸናው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በሙያው ሐኪም ነበር። እዚያ በስተቀኝ የተሰቀለውን ቀይ የኮሶ አበባ ተመልከቱት። እናቶቻችን ፊታችንን አስኮሳትረው ያጠጡን የነበረው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም የሴቴዋ ዛፍ አበባ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮሶ ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መደብሮች ሲገባ "ብራዬራ" የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ስሙ የተወሰደው ቁስጥንጥንያ ይሠራ ከነበረ ብራዬ ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኳርተን-ዲሎን እና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሲሰበስቡ ቆይተው ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ሞተዋል። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደርሶ ስለ አገራችን ዕፅዋት ለተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ መሠረት ሆነ። እኛ ታዲያ ስልካችንን አውጥተን አንድ አደይ ብናነሳ ምን ይገርማል?

ሁለተኛው ነገር ማየት ነው። መምህራኖቻችን ቤድሳይድ ላይ ምን ብለው እንዳስተማሩን ታስታውሳላችሁ፤ መጀመሪያ ኢንስፔክሽን! እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግና እይ። ዛሬ ኢንተርኑ ሕመምተኛውን ሳያይ አልትራሳውንድ ያዝዛል። በእሱ አልፈርድም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሆኖም ማየት ካልተለማመዱት የሚጠፋ ችሎታ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ምን እንዳዩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ያንን ውኃ ስንት ሰው ተሻግሮታል? እሳቸው ግን ቆመው አዩ፤ ከዚያም ለምን ብለው ጠየቁ። ከዚያ የተነሣው የእንዶድና የቢልሃርዝያ ጥናት በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲም የቆዳ ሐኪሙ ኧርዊን ብሬቨርማን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሥዕል ሙዚየም እየወሰዱ ያዩትን እንዲገልጹ ያደርጉ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እነዚያ ተማሪዎች የሕመምተኛ ምልክቶችን አስተውሎ በመግለጽ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሙዚየሙ ደጃችን ላይ አለ፤ መስከረም ላይ መግቢያው በነፃ ነው።

አበባ ማንሳት እንዲህ ነው፤ ትንበረከካላችሁ። ከላይ ቆማችሁ ያነሳችሁት አደይ ቢጫ ነጥብ ብቻ ነው የሚሆነው። ዓይናችሁን ከአበባው እኩል ስታደርጉ ግን ጉንዳኗም፣ ጠሉም፣ የተበላው ቅጠልም ይታያል። ሕፃን ስንመረምርስ እንደዚሁ አይደል ዝቅ የምንለው? ብርሃኑ የሚያምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ስለምትወጣ ከዚያ በኋላ ጥላው ይጠነክራል። ደመና ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ነፋስ ካለ ትጠብቃላችሁ። የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ የቅርቡም የሩቁም ጥርት ብሎ ይታያል፤ የዓይን ሐኪሞቻችን በፒንሆል የሚያደርጉት ምርመራ ማለት ነው። ይኸው ነው፣ ሌላው ትዕግሥት ነው።

ስለ ትዕግሥት ካነሳሁ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ያነሳሁት ጅብራ እዚያ አለላችሁ። ዲዩቲ ላይ ሲኒየሩ "እንደ ጅብራ ምን ይገትርሻል?" ሲለኝ ጅብራን ገና አላየሁትም ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ ደባርቅ አካባቢ በጠቅላላ ሐኪምነት ስመደብ ነው ግች ላይ ያገኘሁት። በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኝ የእኛ ብቻ ተክል ነው። ብርዱን ተቋቁሞ ብዙ ዓመት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ሽቅብ ተምዘግዝጎ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ያን ሰሞን በወሊድ ደም ፈስሷት ያጣናት እናት ነበረች። ደም የለም፣ መኪናው አልደረሰም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመን አደርን። በማግሥቱ ቅዳሜ ወጥቼ ጅብራው ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። ካሜራዬን ያወጣሁት በመጨረሻ ነው። ሰኞ ወደ ዋርድ ተመለስሁ። መመለሴ ራሱ ቀላል ነገር እንዳልነበር እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ግን እንዳንሸዋወድ። ድካማችን፣ መሰልቸታችን፣ ጥሩ ጥሩ ልጆቻችን ሙያውን እየተዉ መሄዳቸው በአበባ አይታከምም። የሰው ኃይል እጥረትን፣ የደመወዝን፣ የ36 ሰዓት ዲዩቲን ነገር ካሜራ አይፈታውም። ማንም አለቃ "ከደከማችሁ ተፈጥሮ ፎቶ አንሡ" ቢለን መቀበል የለብንም። እኔ የምለው፣ ያ ትግል እስኪያልቅ ድረስ የሚያይ ዓይናችንን አናጥፋ ነው።

ደግሞ ውበት ሁሉ ጤና አይደለም። ያ ሐምራዊ አበባ ከፎቶዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የከበበው ነው፤ እምቦጭ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ዓሣ አጥማጁንም ጀልባውንም አስጨንቋል። ይህን ስታዩ ጉንጯ የቀላውን ወጣት አስታውሱ። ጎረቤት "ደም ግባቷ!" ይላል፤ እኛ ደረቷን ስናዳምጥ ማይትራል ስቴኖሲስ ነው፤ በልጅነቷ በፔኒሲሊን ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ትቶት የሄደ። አሳምሮ ማየት ማለት ካማረው ሥር ያለውንም ማየት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ኮሪደሩ ላይ የተኛው ሰው ከፎቶአችን ምን ያገኛል? ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሰዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ የወሰዱትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ያውም ስለ መስኮት እንጂ ስለ ፎቶ አይደለም። ቢሆንም የተላጠ ቀለም ብቻ እያየ ለሚተኛ ሰው አንድ የደጋ ሜዳ ምን ይጎዳዋል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ፎቶዎቹ ወደየቤታችን አይመለሱ፤ ወደ ተኝቶ መታከሚያና ወደ ተመላላሽ ክፍሎች ይሂዱ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የአበባውን የአካባቢ ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከተቻለም ከፍታውን ጻፉ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ8 ጥራዝ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ያ ሥራ የተሠራው እንዲህ በትዕግሥት በተጻፉ ወረቀቶች ነው። ታሪክ የሌለው ካርድ ለሐኪም ምን ይረባል? ፎቶውም ያው ነው። ሦስተኛ፣ አበባውን አትቅጠፉት፣ ሌላውን ረግጣችሁም አትለፉ። ስልካችሁ ዋርድ ውስጥ ደግሞ ኪሳችሁ ይቆይ። አበባ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሕመምተኛ ግን ይጠየቃል፤ አልጋ ላይ ሆኖ "እሺ" ያለ ሁሉ ከልቡ ፈቅዷል ማለትም አይደለም።

መምህራኖቻችን፣ እጃችንን ኪስ አስከትታችሁ እንድናይ ስላስተማራችሁን እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። በሚቀጥለው መገናኛችን ደግሞ የተማሪዎቹን ፎቶ እንድናይ ያብቃን።