ነውር ሳይል የሚሰማ ሐኪም ከወዴት ይገኛል?

(መካነ ሰላም ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየመኝታ ክፍላችን መብራት ከጠፋ በኋላ በሹክሹክታ የሚወራው ነው። ይኸውም የሩካቤ ነገር ሲያስጨንቀን ለማን እንናገር የሚለው ነው። እኛ ወሎዬዎች በቡና ላይ የማናነሣው ጨዋታ የለም እንባላለን፤ እዚህች ላይ ስንደርስ ግን ስኒያችንን አስቀምጠን እንነሣለን።

ከመካከላችን የሠርጉ ቀን ተቈርጦለት «ያቅተኝ ይሆን?» እያለ እንቅልፍ ያጣ አለ። በሕፃንነቷ ተገርዛ ሕመሙን እንደ ተፈጥሮዋ የቈጠረችም አለች። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግርዛቱን ይቀጣል፤ ሕመሙን ግን ሊያክም አይችልም። ለነፍሳችን ነገር የንስሐ አባትም ሸኽም አሉን። ፍርሃትና ሕመም ግን ኃጢአት አይደሉምና ሌላ ጆሮ ይሻሉ።

ችግሩ ባለሙያው ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱ የሚገኘው ባሕር ማዶ ነበር። ደሴም ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምክሩ በነጻ ቢሰጥ እንኳ የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ ተማሪን ያስበድረዋል።

ነገር ግን ሁሉም ሰው ሊቅ አያስፈልገውም። ጃክ አነን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ሕክምና በአራት ደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ ሰውዬው እንዲናገር መፍቀድ፤ ቀጥሎ ጥቂት ትክክለኛ ዕውቀት መስጠት፤ ከዚያ ለእርሱ የሚስማማ ምክር፤ በመጨረሻም ረጅሙ ሕክምና ነው። ብዙው ሰው ከፊተኞቹ ደረጃዎች ላይ እፎይ ይላል። እነዚህን ደግሞ የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊያደርጋቸው ይችላል። ስኳር በሽታና አንዳንድ መድኃኒቶችም ወንድን ያደክማሉና አስቀድሞ ሰውነትን መመርመር ይገባል። ከጓደኛ ኪስ የሚገኘውን ሲልዴናፊል ግን ተዉት፤ ናይትሬት ከተባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ይገድላል።

ደሴ መሄድ የቻለ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን ክሊኒክ ይጠይቅ፤ ማኅበሩ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ የኖረ ነው። የትም ብንሄድ በፊተኛው ቀን ክፍያው ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለብን፣ የተናገርነው የት እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው እንጠይቅ። አማካሪው ምን እንዳመመን ሳይጠይቅ «አግብተሃል?» ብሎ ተግሣጽ ከጀመረ አመስግነን እንውጣ። ያላገባም ሰው ያመዋል።

ከዩኒቨርሲቲያችን የምንለምነው ብዙ አይደለም። በተማሪዎች ክሊኒክ ለዚሁ የሠለጠኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ተረኛው ሁሉ ፊት «ምንህን ነው?» የማይባልበት ሥርዐት ይሁንልን። ልመናውን በጽሑፍ አዘጋጅተናል፤ መፈረም የሚወድ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ይቈይ። ስሙን መጻፍ የሚያፍር ካለ የትምህርት ክፍሉን ብቻ ይጻፍ።